ያለ ፈቃድ ስለ ዞረው መስመር

ለክቡር የሰሜን ደጋ የመረጃ መስመሮች አስተዳደር ዋና ሥራ አስኪያጅ
ጎንደር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። የዘንድሮ ክረምት ለጉልበት እንዳልተመቸ አውቃለሁ፤ በተለይም ሊፍቱ በሚበላሽባቸው ቀናት ክቡርነትዎ ከሦስተኛ ፎቅ እስከ መኪናዎ ድረስ በእግርዎ እንደሚወርዱ ስለሰማሁ፣ ጉልበትዎ እንዲጸና ዘወትር እመኛለሁ። እኔ ከኮሶዬ በላይ ባለችው ጉብታ ላይ፣ በአጥር ውስጥ፣ ደህና ነኝ። ጉሙ ጠዋት መጥቶ ይጠይቀኛል፣ ከሰዓት በኋላም ደግሞ ይመለሳል፤ ከክቡርነትዎ ጽሕፈት ቤት ይልቅ እርሱ ወዳጅነቱን አጽንቷል።

ስሜ ስማቸው ታከለ ይባላል። የኮሶዬ ማስተላለፊያ ጣቢያ ቴክኒሺያን ሆኜ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ላለፉት ሃምሳ ቀናት ግን ከሥራ የታገድሁ ሰው ነኝ። አራት ደብዳቤዎች በወጉ ጽፌ መልስ ስላላገኘሁ፣ ምናልባት ክቡርነትዎ ብቻዎን ማንበብ ሰልችቶዎት ይሆናል ብዬ፣ ይህን አምስተኛውን ሕዝቡ ሁሉ አብሮዎት እንዲያነበው በግልጽ ጽፌዋለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ክቡርነትዎ ይህን አንቀጽ ሊዘሉት ይችላሉ፤ ምንም እንኳ ከሁሉ ይልቅ ቢያነቡት የሚጠቅመው ለእርስዎ ቢሆንም።

በኮሶዬ ዙሪያና ከዚያ ወዲያ ባለው ደጋ የሚኖር ሰው ስልክ ሲደውል፣ ጤና ጣቢያ ለጎንደር ሐኪም ምስል ሲልክ፣ ተማሪ የፈተና ውጤቱን ሲያይ፣ ሁሉም በእኛ ጣቢያ በኩል ያልፋል። ከጣቢያችን ወደ ጎንደር የሚወስዱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ከአስፋልቱ ጎን የተቀበረው፣ ፋይበር የሚባለው የመረጃ ገመድ ነው። ሁለተኛው ታወራችን ላይ ካለው ሳህን መሰል አንቴና ተነሥቶ በአየር ወደ አይከል የሚሻገርና ከዚያ ዞሮ ጎንደር የሚገባው ነው። መሣሪያው ገና ምንም ሳይበላሽ ሁለተኛውን መንገድ አስቀድሞ አስልቶ ይይዘዋል። አንደኛው በተቋረጠ ጊዜ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ባለ ጊዜ ውስጥ፣ የሚያልፈውን ጥሪና መረጃ ሁሉ፣ እኛ ጭነት የምንለውን፣ ወደ ሁለተኛው ያዞረዋል። በስልክ የሚያወራው ሰው ወሬውን እንኳ አያቋርጥም። ዕቃ መበላሸቱ አይቀርም፤ መንገዱ ግን መቆም የለበትም። የሙያችን ቁም ነገር በሙሉ ይኸው ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፦ ባለፈው ኅዳር ስለወጣው መመሪያ አመሰግናለሁ።

በዚያ ወር ከጎንደር በኩል አንድ መሣሪያ ተበላሽቶ ፋይበሩ ሁለት ቀን ሙሉ ቆሞ ነበር። መሣሪያችን ግን ጭነቱን ወዲያውኑ በአይከል በኩል አዙሮት ስለነበር፣ በከተማም ሆነ በገጠር ነገሩን ያወቀ አንድ ሰው አልነበረም፤ የክቡርነትዎ ጽሕፈት ቤትም አላወቀም። እኔ ሞኙ ደስ ብሎኝ ሪፖርት ጻፍሁ። «አገልግሎት ለአንድ ሰከንድ እንኳ አልተጓደለም» ብዬ በደማቁ አሰመርሁበት። ምስጋና ስጠብቅ የመጣው ጥያቄ ነበር፤ ጭነቱ መንገድ ሲቀይር ማን አዘዘ? ማንም አላዘዘም፣ መሣሪያው ራሱ ነው ብዬ መለስሁ። ከሳምንት በኋላ መመሪያ ደረሰኝ። «ማናቸውም መስመር ያለ ማኔጅመንቱ ቅድመ ፈቃድ አቅጣጫ መቀየር አይችልም፤ ራሱን በራሱ የሚያዞርበት አሠራር ከዛሬ ጀምሮ እንዲዘጋ፣ የመቆጣጠሪያው ካቢኔትም በማኅተም እንዲታሸግ» ይላል።

ክቡርነትዎ ስለ ትእዛዝዎ ክብር የሚጨነቁ ሰው መሆንዎን አከብራለሁ። በአገሩ ውስጥ አንድ ነገር እርስዎን ሳይጠይቅ ደህና ሆኖ መሥራቱ ምን ያህል እንዳሳዘነዎት ይገባኛል። ስለዚህ ታዘዝሁ። አሠራሩን በእጄ ዘጋሁት። ካቢኔቱን በእጄ ቆለፍሁ፤ ከጎንደር የመጣው ሰው ማኅተሙን ሲያደርግበት ኩራዙን ይዤ ሰሙን ያቀለጥሁለት እኔ ነኝ። ቁልፉንም ይዞት ሄደ። ይህን የምጽፈው ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ መስሎ እንዳይታይ ነው። እኔ ምን እየዘጋሁ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ክቡርነትዎ ግን አያውቁም ነበር፤ በሚዛን ቢቀመጥ የእኔ ይከብዳል።

ሁለተኛ፦ ስለ ፈቃድ አጠያየቁ ሥርዓት አመሰግናለሁ።

መስመር ሲቋረጥ ቴክኒሺያኑ በኮምፒዩተሩ ገጹን ከፍቶ የፈቃድ መጠየቂያውን ይሞላል፤ ጥያቄው በመስመሩ በኩል ጎንደር ይደርሳል፤ ሦስት ኃላፊዎች ያጸድቁታል፤ ቁልፉም ይላካል። በዚህ ሥርዓት ላይ አንዲት ትንሽ ነጥብ ብቻ አለችኝ። መስመሩ ሲቋረጥ ገጹ አይከፈትም። የተቋረጠው መስመር መቋረጡን በራሱ በተቋረጠው መስመር እንዲያሳውቅ ማድረግ ትልቅ ሐሳብ ነው፤ እኔ ግን እስከ ሐምሌ ዘጠኝ ድረስ ጥልቀቱ አልገባኝም ነበር።

ሐምሌ ዘጠኝ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ መብረቅ ወደ ጎንደር መውረጃ ባለው መካከለኛ ጣቢያ ላይ ወርዶ የፋይበሩን መሣሪያ አቃጠለው። ይህን በኋላ ነው ያወቅሁት። እኔ ያየሁት ቀዩ መብራት መብራቱን ነው። ሁለተኛው መስመር አረንጓዴ ነበር። ደህና ነው፣ ዝግጁ ነው፣ ከአሥር እርምጃ በማይበልጥ ርቀት በማኅተም ውስጥ ተቀምጧል። ገጹን ሞከርሁ፤ አይከፈትም። ስልኬን አነሣሁ፤ ድምፅ የለውም። የጣቢያችን ጥበቃ አያ ውዱ ከበራፉ ቆመው፣ «ምነው፣ አንተ ልጅ፣ ፊትህ ጠቆረ?» አሉኝ። ነገርኋቸው። «ታዲያ ያንኛው አለ አይደል?» አሉ፣ በከዘራቸው ወደ ታወሩ እያመለከቱ። «አለ፤ ግን ታሽጓል» አልሁ። አያ ውዱ በዕድሜያቸው ብዙ መንግሥት ያዩ ሰው ናቸውና አልተገረሙም።

በእጄ ማመልከቻ ጽፌ፣ በጭቃው ወርጄ፣ አስፋልቱ ላይ ለመዝሙር ሰጠሁት። መዝሙር ወደ ጎንደር የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር ነው። ማመልከቻውን ከደረት ኪሱ ከትቶ፣ «ራሴ ከእጃቸው አደርሰዋለሁ» አለኝ፤ ቃሉንም ጠበቀ። ከሰባት ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ ሲመለስ ማኅተም ያረፈበትና ቁጥር የተሰጠው መልስ ይዞልኝ መጣ። ክቡርነትዎ ጽሑፉን ያስታውሱት ይሆናል፤ ፊርማው የእርስዎ ነውና። «ጥያቄዎ በሥርዓቱ በኩል ያልቀረበ ስለሆነ ተቀባይነት አላገኘም፤ በሥርዓቱ በኩል አሟልተው እንዲያቀርቡ እናሳስባለን» ይላል።

መዝሙር ፊቴን አይቶ፣ «ቁልፉን አልሰጡህም?» አለኝ። «ምክር ሰጥተውኛል» አልሁት።

ወደ ጣቢያው ተመልሼ ተቀመጥሁ። እዚህ ላይ ክቡርነትዎ አንድ ነገር እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ ጀምሮ ያደረግሁት ሁሉ በመመሪያው መሠረት ነበር። ማኅተሙን ቆሜ አየሁት፤ እጄን አልሰደድሁም። አዲስ የተወለደች ልጅ አለችኝ፤ ባለቤቴ ፋሲካ በፀዳ ተከራይተን በምንኖርባት ቤት ገና አራስ ነበረች። ከሥራ ብባረርስ ብዬ አሰብሁ። አራት ሰዓት ሙሉ ፍጹም የእርስዎ ሰው ነበርሁ፤ ከዚያ የተሻለ ታዛዥ ሠራተኛ ኖሮዎት አያውቅም።

ሦስተኛውንም ምስጋና በዚሁ መልክ ላቀርብ አስቤ ነበር። ነገር ግን በቁጥር አልገባ ስላለኝ፣ እንደሆነው እነግርዎታለሁ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሲስተር ሰርካለም መጣች። ከጉብታው ማዶ ባለው ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ናት። ከጤና ጣቢያው እስከ እኛ አጥር በደረቅ ጊዜ የአርባ ደቂቃ መንገድ ነው፤ በዚያን ቀን ጭቃው እስከ ጉልበት ነበር። ነጠላ ጫማዋ አንደኛው የለም። የነጩ ጋዋኗ እጅጌ እስከ ክርኗ ድረስ ደም ነበር፤ መጀመሪያ የተጎዳች እሷ መስላኝ ደነገጥሁ።

«ስማቸው፣ ስልኩ ምን ሆኗል?» አለች። ትንፋሽ አጥሯታል።

«መስመሩ ተቋርጧል።»

«መቼ ይመጣል?»

«አላውቅም፣ ሲስተር። ፈቃድ እየጠበቅሁ ነው።»

«የምን ፈቃድ?»

ነገርኋት። ስነግራት የራሴን ድምፅ እሰማው ነበር። ያን ጊዜ የተሰማኝን ለክቡርነትዎ በጽሑፍ ማስተላለፍ ባለመቻሌ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እሷም ነገረችኝ። የአገሩ ገበሬ የሀዳነ ሚስት፣ ይርገዱ የምትባል፣ የመጀመሪያ ልጇን አራት ሰዓት ላይ በሰላም ወልዳ ነበር። ልጅቱ ደህና ናት። እናቲቱ ግን ደሟ አልቆም አለ። ሲስተር ሰርካለም ያላትን መድኃኒት ሁሉ ሰጥታታለች፤ ማህፀኗን በእጇ ጨብጣ ይዛ ስታቆመው ይቆማል፣ ስትለቀው ይመለሳል። ከአራት ሰዓት ተኩል ጀምሮ አምቡላንስ ለመጥራት ትደውላለች፤ ጎንደር ያለውን ሐኪም ለመጠየቅ ትደውላለች፤ ስልኩ ዝም ብሏል። ሀዳነ መኪና ፍለጋ አስፋልት ወርዷል፤ ግን ያን ጭቃ የሚወጣው የአምቡላንሱ መኪና ብቻ ነው፣ ሚኒባስ አይሞክረውም። በቃሬዛ እንዳያወርዷት፣ መንገድ ላይ ማህፀኗን ጨብጦ የሚይዝላት የለም፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ታልቃለች። አሁን ሌላዋን ነርስ በእሷ ቦታ እጇን አስይዛ ነው የመጣችው።

ሁሉን ከነገረችኝ በኋላ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ያ ሳጥን የት ነው ያለው?» አለችኝ።

በእጄ አመለከትኋት። ሄዳ ከፊቱ ቆመች። ማኅተሙን አየችው። «ይኼ ነው?» አለች።

አያ ውዱ ወደ ጄኔሬተሩ ቤት ገብተው የብረት መፈንቀያ ይዘው ወጡ። እግሬ ሥር አስቀመጡት። ከዚያም ከበራፉ ቆመው ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩ።

ክቡር ሆይ፣ ካቢኔትዎ ጠንካራ ነው፤ የግዢ ኮሚቴው ሊመሰገን ይገባዋል። ሦስት ጊዜ መትቼ በአራተኛው ተከፈተ። ማኅተሙ ወለሉ ላይ ወድቆ ተሰበረ። ኮምፒዩተሩን ከካቢኔቱ ውስጥ ካለው መሣሪያ ጋር አገናኝቼ አንዲት ትእዛዝ ጻፍሁ፤ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ አጠፋኋት። በሦስተኛው ገባች። ጭነቱ ሁሉ በአይከል በኩል ዞሮ ጎንደር ለመግባት የፈጀበት ጊዜ አራት ሰከንድ ነው። የሲስተር ሰርካለም ስልክ በኪሷ ውስጥ ይጮህ ጀመር፤ ከጠዋት ጀምሮ የተጠራቀመ መልእክት ነበር። አላየችውም። አምቡላንሱን ጠራች፤ ቀጥላ ሐኪሙን ጠራች፤ እያወራች በአንድ ጫማ ወደ መጣችበት ጭቃ ወረደች።

አምቡላንሱ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። ልብሷን ይዛ አብራት የሄደችው እህቷ እንዳለችው፣ ይርገዱ ጎንደር ስትገባ ከንፈሯ ነጭ ነበር። ሐኪሞቹ ነፍሷን አተረፉ። ማህፀኗን ግን ማዳን ስላልቻሉ አወጡት። ለሀዳነ ሐኪሙ ሲያስረዳው፣ «ሦስት ሰዓት ቀድማ ብትደርስ ኖሮ ይህ ባላስፈለገ» አለው። ሀዳነ ይህን ለእኔ የነገረኝ ሊወቅሰኝ አይደለም፤ ሊያመሰግነኝ መጥቶ፣ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ፣ እግረ መንገዱን ነው የነገረኝ። የተወለደችው ልጅ የመጀመሪያቸው ናት፤ የመጨረሻቸውም ሆነች። ሦስቱ ሰዓት የት እንደገባ ግን እኔ አውቃለሁ። እዚሁ ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው።

አሁን ወደ ቁጥሬ ልመለስ።

አራተኛ፦ ስለ እግድ ደብዳቤው ፍጥነት አመሰግናለሁ።

የተቃጠለው መሣሪያ ተለውጦ ፋይበሩ የተመለሰው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት በዚህ ደጋ የተደወለው ሁሉ፣ ከጽሕፈት ቤትዎ ወደ ደጋው የተላከው ደብዳቤም ሁሉ ሳይቀር፣ የተጓዘው እኔ ያለ ፈቃድ በከፈትሁት መንገድ ነው። ሐምሌ አሥራ ሁለት «የመንግሥትን ማኅተም በመስበርና የመረጃን አቅጣጫ ያለ ሥልጣን በመቀየር» ከሥራ መታገዴን የሚገልጸው ኢሜይል እጄ የገባውም በዚያው ሕገ ወጥ መንገድ ነው። ጥራቱ ግሩም ነበር፤ ፊርማዎ ጥርት ብሎ ይታያል።

አምስተኛ፦ ከሥራ ታግጄ ሳለ ከሥራ ቦታዬ እንዳልወጣ ስለተደረገልኝ ጥበቃ አመሰግናለሁ።

ደብዳቤው ሁለት ነገር ያዝዛል። የጣቢያውን ንብረት እስካስረክብ ድረስ ግቢውን ለቅቄ መሄድ አልችልም። የሚረከበኝ ሰው እስኪመደብ ድረስ ደግሞ ማስረከብ አልችልም። ሰው የሚመደበው የእኔ ጉዳይ ሲወሰን ነው። ጉዳዬ የሚወሰነው አጣሪ ኮሚቴው ቃሌን ሲቀበል ነው። ቃሌን ለመስጠት ጎንደር መውረድ አለብኝ። ግቢውን ለቅቄ ብወርድ ደግሞ ንብረት ጥሎ በመጥፋት እከሰሳለሁ። እንዲህ ያለ በር የሌለው ቤት ለመሥራት ትልቅ አናጺ ያስፈልጋል፤ ክቡርነትዎ ስንት ዓመት ተማሩት?

ስለዚህ ከመሣሪያው ፊት ለፊት እቀመጣለሁ። መንካት ተከልክያለሁ፤ መጠበቅ ታዝዣለሁ። ከአጥሩ በታች አስፋልቱ ይታያል፤ ወደ ጎንደር የሚወርዱትን መኪኖች እቆጥራለሁ። ከዚህ እስከ ፀዳ በሚኒባስ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ነሐሴ ሃያ አንድ ልጄ ክርስትና ስትነሣ ፋሲካ ስልኳን ከፍ አድርጋ ይዛ አሳየችኝ። ልጅቱ ውኃው ሲነካት ስታለቅስ ሰማኋት። ስልኩ ሳይቆራረጥ ጥርት ብሎ አሳየኝ፤ በሙያዬ የኮራሁበትና የተቃጠልሁበት ሰዓት አንድ ሆነብኝ።

ኮሚቴው፣ የእኔን ቃል ጎንደር ካልሆነ አልቀበልም ቢልም፣ በመጨረሻ ራሱ ወደ እኔ በመውጣቱም አመሰግናለሁ። አያ ውዱን ጠርቶ፣ «በዚያን ሰዓት ምን አዩ?» ብሎ ጠየቃቸው። «ጉም» አሉ። «ከጉሙ ሌላስ?» «ሌላ ጉም።» ቃለ ጉባኤው ላይ እንደዚሁ ተጽፏል፤ ከሰነዱ ሁሉ እውነት የሆነው እሱ ብቻ ነው።

ስድስተኛና የመጨረሻ፦ ባለፈው ሳምንት ስለተላከልኝ የምሕረት ሐሳብ ከልብ አመሰግናለሁ።

የጽሕፈት ቤትዎ ባልደረባ አቶ ልዑልቃል፣ ትሑት ሰው ናቸው፣ በጭቃው ድረስ ወጥተው መጡ። ብርቱካን ይዘውልኝ ነበር። ከቦርሳቸው አንድ ወረቀት አወጡ። የክረምቱ ሪፖርት ለበላይ አካል መላኩን፣ በሪፖርቱም በሰሜን ደጋ «የተቋረጠ አገልግሎት የለም» ተብሎ መጻፉን ነገሩኝ። ሐምሌ ዘጠኝ ፋይበሩ ቢቆምም «በማኔጅመንቱ አርቆ አስተዋይነት በተዘጋጀው አሠራር መስመሩ ራሱን በራሱ አዙሯል» ይላል። የሚቀረው እኔ ይህንኑ አረጋግጬ መፈረሜ ብቻ ነው።

«ብፈርምስ?» አልኋቸው።

«እግዱ ይነሣል። ለዘመን መለወጫ ከቤትህ ትገባለህ።»

«ራሱን በራሱ ከዞረ ካቢኔቱን ማን ሰበረው?»

አቶ ልዑልቃል ብርቱካኑን ይልጡ ጀመር። «እሱን እንተወው፣ ስማቸው» አሉ፤ «ሰው ቤቱ መግባት ነው የሚሻለው።»

«አሠራሩስ ተመልሶ ይከፈታል?»

«ምኑ ይከፈታል? በወረቀቱ መሠረት ክፍት ነው እኮ።»

ክቡር ሆይ፣ እስከዚያ ድረስ ልፈርም ብዕሩን ይዤ ነበር። አልደብቅዎትም፤ የልጄ ልቅሶ ጆሮዬ ላይ ነበር። እዚህ ላይ ግን ገባኝ። ከፈረምሁ መሣሪያው በወረቀት ይዞራል፣ በእውነት ግን እንደተዘጋ ይቀራል። በወረቀት ክፍት የሆነውን ነገር ክፈቱልን ብሎ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ከእንግዲህ አይኖርም። ካልፈረምሁ ከአጥሩ አልወጣም። ብዕሩን አስቀመጥሁት። አቶ ልዑልቃል አልተቆጡም፤ የተላጠውን ብርቱካን ጠረጴዛዬ ላይ ትተውልኝ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ብለው ወረዱ። በራፉ ላይ ዞር ብለው፣ «እኔ ብሆን እፈርም ነበር» አሉኝ። ቅን ሰው ስለሆኑ አመንኋቸው።

እንግዲህ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለእኔም አይደለም። ያን አሠራር ያስከፍቱት። አንዲት ትእዛዝ ናት፤ ማንም ቴክኒሺያን አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ይጽፋታል። ከዚያ በኋላ እኔን ሊያባርሩኝ ወይም ሊያስሩኝ ይችላሉ፤ ወይም እስካረጅ ድረስ ከዚህ ጉብታ ላይ ሊያቆዩኝ ይችላሉ። ትእዛዝ የመስጠት ፍላጎትዎ እንዳይጎዳም አስቤበታለሁ፦ መስመሩ በዞረ ቁጥር በማግሥቱ «እንዲዞር ፈቅጃለሁ» የሚል ደብዳቤ ይጻፉለት። መሣሪያው አይከፋም።

ክቡርነትዎ በዚህ ረጅም ጽሑፍ ስላባከንሁብዎት ጊዜ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ዘመኑ ሲለወጥ ጤና፣ ሰላም፣ የሚሠራ ሊፍትና የማይቋረጥ ስልክ እንዲሰጥዎት እየተመኘሁ፣ በታገደ ሠራተኛ ታማኝነት፣ በተከለከለ ባለሙያ ትሕትና፣ በአጥር ውስጥ ባለ ሰው ትዕግሥት እጅ እነሣለሁ።

ስማቸው ታከለ
ከሥራ የታገደ፣ በሥራ ላይ ያለ
ኮሶዬ ማስተላለፊያ ጣቢያ
ጳጉሜን 2 ቀን

ማሳሰቢያ፦ ሲስተር ሰርካለም ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ሰምታ አንድ ጥያቄ እንዳክልላት ለምናኛለች። ለፈቃድ መጠየቂያ፣ ለሦስቱ ፊርማና ለቁልፍ መላኪያ በጠቅላላ ስንት ሰዓት እንደተመደበ በጽሑፍ እንዲገለጽላት ትፈልጋለች። በጤና ጣቢያው የማዋለጃ ክፍል ግድግዳ ላይ ትለጥፈዋለች። በዚህ መስከረም የሚወልዱ አሥራ አራት እናቶች በመዝገቧ አሉና፣ እያንዳንዷ ደሟ ለስንት ሰዓት እንዲቆይላት እንደሚጠበቅባት አስቀድማ ብታውቅ መልካም ነው ትላለች።